ዳኛው ከየት ነው? ፒኖቼትን ያስያዙ፣ የፈረዱና የለቀቁ ሰዎች የግል ታሪክ ያመጣው ጣጣ

እኛ ጋ አንድ ሰው ዳኛ ወይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሲሾም የመጀመሪያው ጥያቄ የሥራ ልምዱ አይደለም። "ከየት ነው?" ነው። ቀጥሎ "የማን ዘመድ ነው?" ይመጣል። ሰውየው ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል።

ጥያቄው ከንቱ ነው ልላችሁ አይደለም። ባለሥልጣኑ የት እንዳደገ፣ ከማን ጋር እንደሠራ፣ ሚስቱ የት ተቀጥራ እንደምትሠራ፣ እነዚህ ሁሉ ሕግ ሲፈጸም ለውጥ ያመጣሉ። ዓለም አቀፍ ሕግ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዓለም አቀፍ ሕግ የራሱ ፖሊስ የለውማ! አንድ አገር ውስጥ ያለ አንድ ዳኛ፣ አንድ ሚኒስትር ወይም አንድ ጠበቃ ካልተነሳለት ወረቀት ላይ ይቀራል። እና ያ የሚነሳው ሰው ማን ነው የሚለው ትልቅ ጉዳይ ነው። የእኛ ችግር ጥያቄውን መጠየቃችን ሳይሆን የተሳሳተ ቦታ ላይ መጠየቃችን ይመስለኛል።

ለዚህ የቺሊው ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼት ለንደን ላይ የተያዙበትን ጉዳይ ያህል ጥሩ ማሳያ አላገኘሁም። እኔ ሕግ አልተማርኩም፤ ግን የእንግሊዝ ዳኞች የጻፉትን ቀስ ብሎ ላነበበው ሰው ይገባል። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት።

ኦክቶበር 16 ቀን 1998 ነው፣ ዓርብ፣ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ። የለንደን ፖሊሶች አንድ የግል ሆስፒታል ገብተው የ82 ዓመት ታካሚን "በቁጥጥር ሥር ውለዋል" አሏቸው። ታካሚው የጀርባ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ገና አንድ ሳምንታቸው ነው። ሰውየው ከ1973 እስከ 1990 ቺሊን የገዙ፣ ሥልጣን ከለቀቁ በኋላም እስከ 1998 የጦሩ አዛዥ ሆነው የቆዩ፣ ከዚያ ደግሞ የዕድሜ ልክ ሴናተር የሆኑ ናቸው። በአገዛዛቸው ዘመን ከ3,000 በላይ ሰው ተገድሏል ወይም እንደወጣ ቀርቷል። አንድ የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ታስረው ቶርች የተደረጉ ከ27,000 በላይ ሰዎችን መዝግቧል።

ፒኖቼት ከዚያ በፊትም ለንደን መጥተው ሻይ ጠጥተው ተመልሰዋል። ማንም አልነካቸውም። ታዲያ ምን ተለወጠ? ሕጉ አይደለም። ማሰቃየትን የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እንግሊዝ ውስጥ ከ1988 ጀምሮ የጸና ነበር። የተለወጠው ማድሪድ ላይ ፋይል ከፍተው የሚጠብቁ ሰዎች መኖራቸው ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ጆአን ጋርሴስ ይባላሉ።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 ጠዋት በፒኖቼት የሚመራው ጦር ሳንቲያጎ የሚገኘውን የላ ሞኔዳ ቤተ መንግሥት ሲከብ፣ ከፕሬዚዳንት ሳልቫዶር አየንዴ ጋር ውስጥ ከነበሩት መካከል አንድ የ29 ዓመት ስፔናዊ አማካሪ ነበር። ጋርሴስ ናቸው። አውሮፕላኖች ቤተ መንግሥቱን ሊደበድቡ ሲቃረቡ አየንዴ ወጣቱን አማካሪ "አንተ ውጣ" አሉት። ምክንያታቸው አንድ ሰው ተርፎ የሆነውን ለዓለም መናገር አለበት የሚል ነበር። ጋርሴስ ወጡ፤ በስፔን ኤምባሲ ከለላ ከአገሪቱ ሄዱ። አየንዴ ከዚያ ሕንጻ በሕይወት አልወጡም።

ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ እኚሁ ሰው ማድሪድ ላይ የቺሊ ተጎጂዎች ጠበቃ ሆነው ብቅ አሉ። ክሱን የጀመረው የስፔን ዐቃብያነ ሕግ የሙያ ማኅበር ነበር፤ ጋርሴስ ግን የሺዎችን ስም፣ ምስክርነትና ማስረጃ እየሰበሰቡ ፋይሉን ፋይል አደረጉት። እዚህ ጋ ስለ ስፔን ሕግ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፣ በ1985 የወጣ ሕግ የዘር ማጥፋትና ሽብርን የመሳሰሉ ወንጀሎች የትም ይፈጸሙ የት የስፔን ፍርድ ቤት እንዲያያቸው ይፈቅድ ነበር። ሁለተኛ፣ እዚያ አገር የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ባይፈልግም ተራ ዜጋ የወንጀል ክስ ማስጀመር ይችላል። እንዲያውም የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ጉዳዩን ሲቃወም ነው የኖረው። ሕጉ በሩን ክፍት ትቶታል፣ ግን የሚገባበት ሰው ያስፈልጋል። ሞት ከተደገሰበት ቤት በትእዛዝ የወጣ ሰው ነው የገባበት።

"ቂም ይዞ ነዋ!" የሚል ይኖራል። ይሁን፣ በስሙ አልከራከርም። ግን ጋርሴስ ጠበቃ ናቸው። ጠበቃ ወገን አለው፤ ሥራው ራሱ ወገን መሆን ነው። ታሪካቸውን አልደበቁም፣ የሚደብቁበትም ምክንያት አልነበረም። የጠሉትን ሰው ከሰው ፍርዱን ለሌላ ሰው ተዉ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

የመያዣ ትእዛዙን የፈረሙት ዳኛ ባልታሳር ጋርዞን ደግሞ ሌላ ዓይነት ታሪክ አላቸው። በደቡብ ስፔን የወይራ ገበሬ ልጅ ናቸው። በ1993 የዳኝነት ካባቸውን አውልቀው በገዥው የሶሻሊስት ፓርቲ ዝርዝር ለፓርላማ ተወዳደሩና ተመረጡ። ዓመት ሳይቆዩ ተጣልተው ወጡና ወደ ችሎታቸው ተመለሱ። ዳኛ ሄዶ ፖለቲከኛ ሆኖ መጥቶ እንደገና ዳኛ! እኛ አገር ቢሆን አስቡት። የፒኖቼት ደጋፊዎች "ይሄ ሶሻሊስት ነው" ብለው ጮኹ። ነገር ግን ጋርዞን ወደ ችሎት እንደተመለሱ ያንቀሳቀሱት ትልቁ ፋይል በዚያው በሶሻሊስቱ መንግሥት ዘመን የተፈጸመ ሕገወጥ ግድያና አፈና ነበር፤ በዚያ ጉዳይ የቀድሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይቀር እስር ተፈርዶባቸዋል። እሱንም "በቀል ነው" ያሉ አልጠፉም። እንግዲህ ሰው የግል ታሪክህን ከያዘብህ በየትም አቅጣጫ ብትፈርድ ማብራሪያ ያገኝልሃል።

አሁን ወደ ለንደን።

የፒኖቼት ጠበቆች መከራከሪያ ቀላል ነበር። የቀድሞ ርዕሰ ብሔር ናቸው፣ በሥልጣን ላይ እያሉ ለሠሩት ያለመከሰስ መብት አላቸው። የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኦክቶበር 28 ላይ "ልክ ናችሁ" አላቸው። ይግባኙ ያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ችሎት ወደነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ሄደ። አምስት ዳኞች ተሰየሙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ደግሞ በጣልቃ ገብነት ልከራከር ብሎ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። በሌላ አነጋገር አምነስቲ የጉዳዩ ተከራካሪ ሆነ ማለት ነው።

ኖቬምበር 25 የፒኖቼት 83ኛ የልደት ቀን ነበር። በዚያው ቀን ዳኞቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ድምፃቸውን ሰጡ፤ በቴሌቪዥን ቀጥታ ይተላለፋል። ሁለቱ ያለመከሰስ መብት አላቸው አሉ። ሁለቱ የላቸውም አሉ። ሁለት ለሁለት። የመጨረሻው ሎርድ ሆፍማን ነበሩ። ከሎርድ ኒኮልስ ሐሳብ ጋር እስማማለሁ ብለው ተቀመጡ። ሦስት ለሁለት፣ ፒኖቼት ተሸነፉ። የራሳቸውን ዝርዝር ምክንያት እንኳ አልጻፉም። በዓለም ላይ ያሉ የተጎጂ ቤተሰቦች እየተቃቀፉ አለቀሱ። ሕጉ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ወሬ ወጣ።

የሎርድ ሆፍማን ባለቤት የአምነስቲ ዋና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከ1977 ጀምሮ የአስተዳደር ሠራተኛ ናቸው። ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ያልፍ ነበር። የባሰው በቀጣዮቹ ቀናት መጣ፤ ሆፍማን ራሳቸው የአምነስቲ አካል የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት የቦርድ ዳይሬክተርና ሰብሳቢ ናቸው። ደመወዝ አይከፈላቸውም። ግን ከፊታቸው ቆሞ የተከራከረው ወገን ከእሳቸው ድርጅት ጋር አንድ አካል ነው። ይህን ደግሞ ለፒኖቼት ጠበቆች አልተናገሩም።

ጠበቆቹ ወዲያው ተመልሰው መጡ። ዲሴምበር 17 ሌሎች አምስት ሎርዶች ተቀምጠው የባልደረባቸውን ውሳኔ ሻሩ። ያ ችሎት የራሱን ውሳኔ በዚህ ምክንያት ሽሮ አያውቅም።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። የሻሩት ዳኞች ሆፍማን አድልተዋል አላሉም። የፒኖቼት ጠበቆችም አድልተዋል ብለው አልከሰሷቸውም። ሆፍማን ኬፕታውን ተወልደው ያደጉ፣ በእውቀታቸው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ምናልባት አምነስቲ ባይኖርም ያንኑ ይፈርዱ ነበር። ይህ ሁሉ ለውጥ አያመጣም ተባለ። ምክንያቱም የቆየ መርሕ አለ፤ ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም። የእንግሊዝ ሎርድ ቻንስለር የነበሩ አንድ ሰው ለአንድ የመርከብ ቦይ ኩባንያ ፈርደው፣ በኋላ ግን የዚያ ኩባንያ አክሲዮን እንዳላቸው ታወቀ። ፍርዱ በ1852 ተሻረ። ያኔም ማንም "ጉቦ በልተዋል" አላለም። የ1998ቱ ዳኞች ያደረጉት ያንን የገንዘብ ደንብ ወደ ዓላማ ማስፋት ነው። አክሲዮን ያለህ ድርጅት ብቻ ሳይሆን ከመሪዎቹ አንዱ የሆንክበት፣ አንድ ዓላማ የምታራምድበት ድርጅት ተከራካሪ ሲሆንም በራስህ ጉዳይ እየፈረድክ ነው አሉ።

ግን አብረው አንድ ነገር አጥብቀው አስጠነቀቁ፤ ይህን ሰዎች ይረሱታል። ዳኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር ስለደገፈ ብቻ ከችሎት ይነሳ አላሉም። የሚነሳው፣ ወይ ቢያንስ አስቀድሞ የሚናገረው፣ ከተከራካሪው ወገን ጋር በቅርበት በሚሠራ ድርጅት ውስጥ በኃላፊነት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1999፣ የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ ይህን ይበልጥ ግልጽ አደረገው። ሃይማኖቱን፣ ዘሩን፣ የተወለደበትን አገር፣ ጾታውን፣ ዕድሜውን፣ ሀብቱን ይዞ ዳኛ ይነሳልኝ ማለት የሚያስኬድበት ሁኔታ አይታየንም አለ።

አያችሁት? "ከየት ነው?" የሚለው የእኛ ጥያቄ ከነጭራሹ ወድቋል። የቀረው "ከዚህ ከተከራካሪው ወገን ጋር ምን ያገናኘዋል? ይህንንስ ተናግሯል?" የሚለው ነው። ሆፍማን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ቢሆን ኖሮ፣ ወይ ሌላ ዳኛ ይተካቸዋል፣ ወይ የፒኖቼት ጠበቆች ግድ የለም ብለው ያልፉታል። አንድ ዓረፍተ ነገር!

የእኛም አገር ሕግ ከዚህ አይርቅም። ዳኛ ከተከራካሪ ጋር ዝምድና ካለው፣ ጉዳዩን በሌላ ኃላፊነት አይቶት ከነበረ፣ ከአንዱ ወገን ጋር ራሱ ክርክር ላይ ከሆነ ከችሎት መነሳት አለበት ይላል። ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው "ዳኛው ይነሳልኝ" የሚለውን አቤቱታ ያውቀዋል። ብሔር ግን ከምክንያቶቹ መካከል ተጽፎ አይገኝም።

የአንዱ ሰው ዝምታ ምን አስከፈለ? ሰው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ይህን ነው። ጉዳዩ ለሁለተኛ ጊዜ በሰባት ዳኞች ታየ። ማርች 24 ቀን 1999 ስድስት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፒኖቼት እንደገና ተሸነፉ። ዜናው "ያው ነው፣ ተሸንፏል" ተብሎ ተነበበ። ያው አልነበረም። የመጀመሪያው ውሳኔ እንዲህ ያሉ ወንጀሎች የአንድ ርዕሰ ብሔር ሥራ ሊባሉ አይችሉም፣ ስለዚህ ያለመከሰስ መብቱ አይሸፍናቸውም የሚል ሰፊ ነበር። ሁለተኛው ጠበበ። ፒኖቼት ለስፔን ተላልፈው የሚሰጡት በማሰቃየት ብቻ፣ ያውም እንግሊዝ ስምምነቱን ካጸደቀች ከ1988 መጨረሻ ወዲህ ለተፈጸመው ብቻ ነው ተባለ። አስቡት፣ መፈንቅለ መንግሥቱ በ1973 ነው። ስታዲየም ውስጥ የታጎሩት፣ ከሄሊኮፕተር የተወረወሩት፣ አብዛኞቹ የጠፉት ሰዎች በ1970ዎቹ ነው ያለቁት። የእነሱ ጉዳይ በሙሉ ከፋይሉ ወጣ። የቀሩት ጥቂት ክሶች ናቸው።

አንዲት እናት ልጇ በ1974 ቢጠፋባት፣ በኖቬምበር ያሸነፈችው ክርክር በማርች የእሷ አይደለም ተባለች ማለት ነው። ሕጉ ተለውጦ አይደለም። አንድ የሚወዳት ዳኛ፣ እሷን በሚረዳ ድርጅት ውስጥ በነጻ የሚያገለግል ዳኛ፣ መናገር የነበረበትን ስላልተናገረ ነው። እርግጥ ሌሎቹ ዳኞች በመጀመሪያውም ቢሆን ሊከፋፈሉ ይችሉ ነበር። ግን ያን ዕድል ያበላሸው ጠላቷ አልነበረም።

በነገራችን ላይ ሆፍማን ሥራቸውን አልለቀቁም። እስከ 2009 ድረስ በዚያው ወንበር ቆይተዋል።

ከፍርድ ቤት በኋላ የመጨረሻው ብዕር ያለው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ በጃክ ስትሮው እጅ ነበር። አሳልፎ መስጠት እንግሊዝ አገር የዳኛም የሚኒስትርም ሥራ ነው። ስትሮው ማን ናቸው? የ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ሰው። የአገሪቱ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩ። በ1966 ደግሞ ገና ተማሪ ሳሉ ቺሊ ሄደው ነበር፤ ይህ ጉዞ ጉዳዩ ሲጦፍ በጋዜጣ ተቆፍሮ ወጣ። የፒኖቼት ወገኖች "ግራ ዘመም ስለሆነ ሊበቀል ነው" አሉ። በሌላ በኩል ማርጋሬት ታቸር ጄኔራሉ ይለቀቁ ብለው ለጋዜጣ ጻፉ፣ የቁም እስር ላይ እያሉም በካሜራ ፊት ሄደው ጠየቋቸው። የእሳቸውም የግል ታሪክ ነው፤ በ1982 በፎክላንድ ጦርነት ፒኖቼት እንግሊዝን በድብቅ ረድተዋል። ውለታ ነው።

ስትሮው ጉዳዩ እንዲቀጥል ሁለት ጊዜ ፈረሙ። ተበቃይ የተባሉት ሰው ግን በመጨረሻ የለቀቋቸው ሆኑ። ሐኪሞች ጄኔራሉን መርምረው ለፍርድ የሚበቃ ጤና የላቸውም አሉ፤ ስትሮው ሪፖርቱን ለስፔንና ለሌሎቹ ከሳሽ አገሮች ማሳየት አልፈለጉም ነበር፣ ፍርድ ቤት አስገደዳቸው። ማርች 2 ቀን 2000፣ ከ503 ቀን በኋላ፣ ፒኖቼት ወደ አገራቸው በረሩ። ሳንቲያጎ አየር ማረፊያ ላይ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ብድግ ብለው ጄኔራሎቹን አቀፉ። በቴሌቪዥን ሁሉም አየው።

እንግዲህ ከ1960ዎቹ ግራ ዘመም ተማሪ የጠበቃችሁትን አላገኛችሁም። አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን ልንገራችሁ።

ፒኖቼት ቺሊ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ዳኛ ሁዋን ጉስማን ነበሩ። ጉስማን ማለት ከባላባት ቤት የወጡ፣ አባታቸው ገጣሚና ዲፕሎማት፣ ራሳቸው ወግ አጥባቂ የሆኑ ሰው ናቸው። በ1973 መፈንቅለ መንግሥቱ ሲሰማ ከቤተሰባቸው ጋር ሻምፓኝ ከፍተው ጽዋ አንስተዋል። ይህን የሚሉት ጠላቶቻቸው ሳይሆኑ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በዚያ የጨለማ ጊዜ ፍርድ ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ቤተሰቦች "ልጃችን የት እንዳለ ይነገረን" እያሉ የሚያመጧቸውን በሺህ የሚቆጠሩ አቤቱታዎች የቺሊ ፍርድ ቤቶች ውድቅ ያደርጉ የነበረበት ጊዜ ነው። በጃንዋሪ 1998 ባሏ የጠፋባት የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ግላዲስ ማሪን ፒኖቼት ላይ ክስ ስታስገባ ፋይሉ በተራ ለጉስማን ደረሰ። የተጎጂ ወገኖች ስማቸውን ሲሰሙ ምን እንዳሉ መገመት አያቅትም። "በቃ፣ አለቀ።"

አላለቀም። ጉስማን ፋይሉን ይዘው በረሃ ወረዱ፣ መቃብር አስቆፈሩ፣ ምስክር ሰሙ። አንድ ትልቅ ግድግዳ ነበረባቸው። ፒኖቼት በ1978 ያወጡት የምሕረት ዐዋጅ ከዚያ በፊት የተፈጸመውን ግድያ ሁሉ ይቅር ብሎታል። ጉስማን ያገኙት መውጫ ይህ ነው፤ አስከሬኑ ካልተገኘ ሰውየው ሞቷል ብሎ ሕግ ሊደመድም አይችልም። ካልሞተ ታፍኖ ነው ያለው። አፈናው ደግሞ እስከ ዛሬ አላበቃም፣ ስለዚህ በ1978 የሚያልቅ ምሕረት አይሸፍነውም። ገዳዮቹ አስከሬኑን የደበቁት ማስረጃ ለማጥፋት ነበር፤ መደበቃቸው ራሱ መክሰሻ ሆነ። በዚህ መንገድ በዲሴምበር 2000 አውጉስቶ ፒኖቼት በገዛ አገራቸው ተከሰሱ። በ2004 ጉስማን ጠላቂዎች ልከው ከባሕር ውስጥ የባቡር ሐዲድ ብረት አስወጡ፤ አስከሬን እንዳይንሳፈፍ የታሰረበት። አንዱ ብረት ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ተጣብቆ ተገኘ።

ቃለ መጠይቆቻቸው ላይ ጉስማን ጽዋውን ሲያነሱ የነበሩትን ሰው አይሸሽጉም። እኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ይህ ነው። የሚያሳፍራቸውን ታሪክ ራሳቸው ስለሚናገሩት ማንም ይዞ ሊያስፈራራበት አልቻለም።

ይህ የድሮ ወሬ እንዳይመስላችሁ። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ካሪም ካን በ2021 ወንበሩን ሲይዙ ኬንያን የሚመለከቱ ጉዳዮችን ለምክትላቸው ትተዋል፤ ቀደም ሲል እዚያው ፍርድ ቤት የዊልያም ሩቶ ተከላካይ ጠበቃ ነበሩና። ማንም ያልተከራከረበት ንጹህ ውሳኔ ነው። በቬንዙዌላ ጉዳይ ግን የሚስታቸው እህት ለአገሪቱ መንግሥት በጠበቃነት ቆመው ሳለ ካን በራሳቸው ፈቃድ አልተነሱም፤ በኦገስት 2025 የይግባኝ ችሎቱ ተነሱ ብሎ አዘዛቸው። ያው የሆፍማን ነገር ነው፣ ከ27 ዓመት በኋላ።

የእኛን ጉዳይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ1999 መጨረሻ፣ ፒኖቼት ገና እንግሊዝ ውስጥ በቁም እስር ላይ እያሉ፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ከሐራሬ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። እሳቸውም ለሕክምና ነው። ደቡብ አፍሪካ የማሰቃየት ስምምነቱን ካጸደቀች ገና ዓመት እየሞላት ነበር። ሂውማን ራይትስ ዎች ይያዙ ብሎ ጠየቀ፣ ኢትዮጵያም ተላልፈው እንዲሰጧት ፈለገች። ወረቀቱ ከለንደኑ ጋር አንድ ነው፤ ያው ስምምነት፣ ያው ሆስፒታል። ዮሐንስበርግ ላይ ግን ዓርብ ማታ ትእዛዝ የሚፈርም ጋርዞን፣ ፋይል አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ጋርሴስ አልነበረም። ኮሎኔሉ ወደ ሐራሬ ተመለሱ።

ሐራሬ ደግሞ የሚያስጠልላቸው ሕግ ሳይሆን ውለታ ነው። ደርግ የዚምባብዌን የነጻነት ተዋጊዎች በመሣሪያና በሥልጠና ረድቷል፤ የሮበርት ሙጋቤ መንግሥትም "በትግላችን ጊዜ የረዳን እንግዳችን ነው፣ አንሰጥም" ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ታቸር ስለ ፒኖቼት ያሉት እኮ ነው። ልዩነቱ ታቸር ያኔ ሥልጣን ላይ አልነበሩም፣ ሙጋቤ ግን ነበሩ።

ዲሴምበር 10 ቀን 2006 ፒኖቼት አንድም ፍርድ ሳይሰጥባቸው ሳንቲያጎ ውስጥ ሞቱ። ዲሴምበር 12፣ ከሁለት ቀን በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። አንደኛው ተከሳሹ ተገኝተው ፍርድ ጠፋ፣ ሌላኛው ፍርዱ ተገኝቶ ተከሳሽ ጠፉ። ሙጋቤ በ2017 ከሥልጣን ወረዱ፣ በ2019 አረፉ። እንግዳቸውን የሰጠ ግን የለም።